ዮጋ ለጉልበት፣ ለመተጣጠፍና ለእርጅና፦ የሚሰጠውና የማይሰጠው

በኅዳር 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ኮሚቴ ጉባኤ በእኛ ዘንድ የሚታወሰው የገዳ ሥርዓት የተመዘገበበት በመሆኑ ነው። በዚያው ጉባኤ የሕንድ ዮጋም መመዝገቡን የሚያስታውስ ግን ብዙ አይደለም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ፣ የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ያቀረቡትንና ከ170 በላይ አገሮች የደገፉትን ሐሳብ ተቀብሎ፣ ሰኔ 14 በየዓመቱ የዓለም የዮጋ ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስኖ ነበር። ዛሬ ዮጋ በአዲስ አበባ አንዳንድ ጂሞች የሳምንት መርሐ ግብር ውስጥ ገብቷል፤ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከፍቶ፣ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ዘርግቶ የሚሠራም አለ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ በመሥሪያ ቤታቸው፣ በልጆቻቸው ትምህርት ቤት ወይም በሐኪማቸው ምክር በኩል ሳይፈልጉትም ያገኙታል።

የሚነገርለት ነገር ግን የተደበላለቀ ነው። አንዱ የቀጫጭንና የወጣት ሴቶች መለጠጫ አድርጎ ይንቀዋል፤ ሌላው ስኳርና የእንቅርት ዕጢ ሕመም የሚፈውስ መድኃኒት አድርጎ ይሰብክለታል፤ ሦስተኛው የባዕድ አምልኮ ነው ብሎ ይርቀዋል። እኔ እንደማየው፣ ዮጋ የመተጣጠፍ ስፖርት ተደርጎ መታየቱ ከሁሉ የሚበልጠውን ጥቅሙን፣ ማለትም ዝግ ብሎ የሚገነባውን ጉልበትና ሚዛን፣ ሸፍኖበታል፤ ከዮጋ የሚመጣው ጉዳትም በብዛት የሚነሣው ይህንኑ መተጣጠፍ ከማሳደድ ነው። ይህን ለማሳየት ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ነገር ማየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ታሪኩ ጥቂት ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም "አምስት ሺህ ዓመት የተፈተነ" የሚለው ማስታወቂያ ብዙ ሰው ያሳምናል። ዮጋ በሕንድ ጥንታዊ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን የፓታንጃሊ የዮጋ ሱትራ የሚባለው፣ ከ190 በላይ አጫጭር አንቀጾች ያሉት ጥንታዊ ጽሑፍ ስለ ሰውነት አቀማመጥ በቀጥታ የሚናገረው በሦስት አንቀጾች ብቻ ነው፤ የሚለውም አቀማመጡ የጸናና የተመቸ ይሁን ነው። የተፈለገው ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ ለማሰላሰል የሚያስችል አካል ነበር፤ ጡንቻ ማጎልበት የጽሑፉ ጉዳይ አልነበረም። በ15ኛው መቶ ዘመን ገደማ የተጻፈው ሐታ ዮጋ ፕራዲፒካ እንኳ በዝርዝር የሚገልጻቸው አቋሞች 15 ያህል ሲሆኑ ብዙዎቹ የመቀመጥ ዓይነት ናቸው። ዛሬ በየጂሙ የምናየው፣ እግር አንፈራጥጦ ቆሞ፣ በእጅ መሬት ተደግፎ፣ ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው በትንፋሽ ልክ እየተሸጋገሩ የሚሠራው ዮጋ በአመዛኙ የ20ኛው መቶ ዘመን ውጤት ነው።

ለዚህ ውጤት ትልቁን ድርሻ የምትወስደው በደቡብ ሕንድ የምትገኘው ማይሶር ናት። በ1930ዎቹ የማይሶር ንጉሥ አራተኛው ክሪሽናራጃ ወዲያር፣ ቲሩማላይ ክሪሽናማቻሪያ የተባሉ መምህር በቤተ መንግሥታቸው ወጣቶችን እንዲያስተምሩ አደረጉ። ዘመኑ የአውሮፓ ጂምናስቲክና የጦር ሠራዊት የሰውነት ማጎልመሻ በሕንድ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋበት፣ በምዕራብ ሕንድ የነበረችው የአውንድ ግዛት ገዥም "የፀሐይ ሰላምታ" የሚባለውን ተከታታይ እንቅስቃሴ እንደ ጠዋት ስፖርት በሰፊው ያስተዋወቁበት ነበር፤ የማይሶሩ ዮጋም ከዚህ አየር ብዙ ሳይቀስም አልቀረም። ከክሪሽናማቻሪያ ደቀ መዛሙርት መካከል ፓታቢ ጆይስ አሽታንጋ የሚባለውን ጉልበት የሚጠይቅ ስልት አስፋፉ፤ በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ የተወለዱት ኢንድራ ዴቪ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሆሊውድ ውስጥ ማስተማሪያ ከፈቱ፤ ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር ደግሞ በሕንድ ፑኔ ከተማ የሚገኘውን ታዋቂ ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

አየንጋር ለጉዳያችን ልዩ ትርጉም አላቸው። በልጅነታቸው በወባ፣ በሳንባ ነቀርሳና በታይፎይድ የተመቱ፣ ሰውነታቸው የመነመነ ልጅ ስለነበሩ የደከመ ሰው ከጤነኛው እኩል መታጠፍ እንደማይችል በራሳቸው ሥጋ ያውቁት ነበር። በገመድ፣ በእንጨት ጡብ፣ በወንበርና በብርድ ልብስ እየተደገፉ አቋሞቹን የመሥራት ዘዴ በእሳቸው ስም የሚታወቀውም ለዚህ ነው። እስከ 95 ዓመታቸው ኖረዋል፤ መምህራቸው ክሪሽናማቻሪያም አንድ መቶ ዓመት ኖረዋል። (የሁለት ሰዎች ረጅም ዕድሜ ለምንም ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ ዮጋን የሚሸጡ ሰዎች ግን ዘወትር ይጠቅሱታል።) ዋናው ቁም ነገር ዘመናዊው ዮጋ የቅርብ ጊዜ ቅልቅል መሆኑን ካወቅን ከሩጫ ወይም ከክብደት ማንሳት የምንጠይቀውን ጥያቄ እሱንም መጠየቅ እንችላለን፤ የዕድሜው ርዝመት ከጥያቄ አያድነውም።

ወደ መተጣጠፉ እንግባ። ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣት መንካት ያቃተው ሰው "ጅማቴ አጥሯል" ይላል፤ ከጥቂት ሳምንታት ልምምድ በኋላ ሲነካም ጅማቱ የረዘመ ይመስለዋል። በመሳሳብ ልምምድ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚገኘው ለውጥ በአብዛኛው ጡንቻው ስለረዘመ የመጣ አይደለም፤ ቀድሞ "እዚህ ላይ ይብቃህ" ይል የነበረው የነርቭ ሥርዓት መሳሳቡን የበለጠ መታገሥ ስለጀመረ ነው። በጡንቻ ውስጥ ርዝመትንና የርዝመትን ለውጥ ፍጥነት የሚለኩ የስሜት ሕዋሳት አሉ። ጡንቻው በድንገት ሲሳብ እነዚህ ሕዋሳት መልእክት ወደ ሕብለ ሰረሰር ይልካሉ፤ ጡንቻውም ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል። ቀስ ብሎ ገብቶ፣ ትንፋሽን አርዝሞ ለ30 ሰከንድ ያህል መቆየት የሚያዋጣው ይህ መከላከያ ስለሚላላ ነው።

ከዚህ ብዙ ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በጉልበት መጎተት፣ ይባስ ብሎም አሠልጣኙ ጀርባ ላይ ተጭኖ እንዲያጎብጥ መፍቀድ፣ መከላከያውን የሚቀሰቅስ ስለሆነ ራሱን የሚያከሽፍ ዘዴ ነው። ሁለተኛ፣ ለውጡ የልማድ ውጤት ስለሆነ ልማዱ ሲቋረጥ አብሮ ይመለሳል፤ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመሥራት በየቀኑ አሥር ደቂቃ መሥራት ይበልጣል የሚባለው ለዚህ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚልቀው ደግሞ፣ ጉልበት ያልደገፈው መተጣጠፍ ጥቅሙ ትንሽ መሆኑ ነው። እግሩን በእጁ ይዞ እስከ ግንባሩ የሚያደርስ ነገር ግን እጁን ሲለቅ ወገቡ ድረስ እንኳ ማንሳት የማይችል ሰው፣ በዕለት ኑሮው የሚጠቀምበት ያችኑ በራሱ ጡንቻ የሚያነሳትን ብቻ ነው። ከተፈጥሮ መገጣጠሚያቸው የላላ ሰዎች አሉ፤ የዮጋ ክፍል ውስጥ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አድናቆት የሚጎርፍላቸው እነሱ ናቸው፤ ለመጎዳትም ከሁሉ የቀረቡ እነሱ ናቸው፤ ምክንያቱም መገጣጠሚያን አጥብቀው የሚይዙት ጅማቶች አንዴ ከልክ በላይ ከተሳቡ እንደ ጡንቻ ቶሎ ወደ ቦታቸው አይመለሱም። ለእነዚህ ሰዎች የሚበጃቸው መተጣጠፉን ትቶ ማጠንከሩ ነው።

ደግሞስ ለኑሮ የሚያስፈልገን መተጣጠፍ ምን ያህል ነው? ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ጫማ ማሰር፣ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ማውረድ፣ መኪና ወደ ኋላ ሲነዱ አንገት ማዞር። ይህ በገጠር ለሚኖረው ገበሬ ወይም ምድጃ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጣ ለምትሠራ እናት የዕለት ሥራ ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት ደግሞ ታክሲ ውስጥ የሚያሳልፈው የከተማ ሰው ግን ገና በ50 ዓመቱ ቁጢጥ ማለት ያቅተዋል። በዐቢይ ጾምና በሰሞነ ሕማማት ደጋግሞ የሚሰግደው ምእመን፣ በቀን አምስት ጊዜ ጎንበስ ቀና የሚለው ሙስሊም፣ የሚያደርጉት ለፈጣሪያቸው እንጂ ለመገጣጠሚያቸው ብለው አይደለም፤ ሆኖም ዳሌያቸው፣ ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ሙሉ እንቅስቃሴውን እየሠራ መቆየቱ ከሰባ ዓመት በኋላ ሲነሱና ሲቀመጡ ይታያል።

አሁን ወደ ጥንካሬው። ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው በላይ ሸክም ሲያገኝ ነው። በዮጋ ሸክሙ የሰውዬው የራሱ ክብደት ሲሆን፣ ሥራው በአብዛኛው ሳይንቀሳቀሱ መሸከም ነው። የፊተኛውን ጉልበት አጥፎ፣ የኋለኛውን እግር ዘርግቶ የሚቆመውን "የተዋጊ አቋም" ለአንድ ደቂቃ የያዘ ሰው ጭኑ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማው ያ ነው። የማይታይ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሆኖ መቆምም እንዲሁ። ቻቱራንጋ የሚባለው ደግሞ፣ ከፑሽአፕ ታችኛው ግማሽ ላይ ክርንን ከጎን አጥብቆ መቆየት ሲሆን፣ በትክክል ሲሠራ ለደረት፣ ለክንድና ለሆድ ዕቃ ጡንቻዎች ቀላል የማይባል ፈተና ነው። እንደውም አብዛኛው ጀማሪ ሳይጠነክር በፍጥነት ሊያልፈው ስለሚሞክር ትከሻው ወደ ፊት ይወድቃል፤ የትከሻ ሕመም መነሻ ከሚሆኑት ልማዶች አንዱም ይኸው ነው። ጉልበትን ምንጣፍ ላይ አሳርፎ፣ ሦስት ትንፋሽ እየቆጠሩ ቀስ ብሎ መውረድ ለወራት የሚበቃ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን ለፎቶ አይመችም።

እዚህ ላይ የዮጋን ወሰን መናገር ያስፈልጋል። ስፖርት ሠርቶ የማያውቅ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት በግልጽ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ሸክሙ ያው የራሱ ክብደት ስለሆነ፣ በአቋሙ የሚቆይበትን ጊዜ ካላራዘመ፣ ሽግግሩን ካላዘገመ፣ ወይም ወደ አንድ እግርና ወደ አንድ እጅ ካልተሸጋገረ ጥንካሬው ባለበት ይቆማል። ሌላም ጉድለት አለ፣ መምህራን ብዙ ጊዜ የማያነሡት፦ ዮጋ የሚገፋ እንጂ የሚጎትት ስፖርት አይደለም። እጅ መሬቱን ይገፋል፤ የሚስበው ነገር ግን ምንጣፍ ላይ የለም። ስለዚህ የላይኛው ጀርባና የክንድ የፊት ጡንቻዎች ድርሻቸውን አያገኙም። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውስጥ ውሃ አድርጎ፣ ወገብን ቀጥ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ወደ ጎድን አጥንት እየጎተቱ ማንሳት ይበቃል፤ ውሃ ሲጨመር ሸክሙም ይጨምራል።

የልብና የሳንባ ነገርም አለ። ዝግ ያለ የሐታ ዮጋ የሚጠይቀው ኃይል አርፎ ከመቀመጥ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ሲሆን፣ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚባለው ግን ከሦስት እጥፍ ይጀምራል፤ ፈጠን ያሉት ስልቶች ብቻ ናቸው ይህን ወሰን የሚያልፉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በተጨማሪም ቢያንስ በሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። በጥንቃቄ የተሠራ ዮጋ ሁለተኛውን መሙላት ይችላል፤ የመጀመሪያውን ግን ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ወይም በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ጠዋት ጠዋት እንደምናያቸው ሰዎች መውጣትና መውረድ ይሞላዋል። "ዮጋ ብቻ ይበቃል" የሚለውን አሠልጣኝ እዚህ ላይ አልከተለውም።

በሕክምና ጥናት ረገድ ዮጋ የተሻለ ማስረጃ ያለው ለቆየ የወገብ ሕመም ነው። በቦስተን ከተማ አብዛኞቹ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው 320 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2017 የታተመ ጥናት፣ ለ12 ሳምንታት ዮጋ የሠሩት ሰዎች በእንቅስቃሴያቸውም ሆነ በሕመማቸው የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ካገኙት ያላነሰ ለውጥ ማሳየታቸውን አረጋግጧል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት ዘዴዎች መካከል ዮጋን አካትቷል። ይሁንና ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት በ2022 ያወጣው የተሻሻለ ግምገማ፣ 21 ጥናቶችንና ከ2,200 በላይ ተሳታፊዎችን መርምሮ የደረሰበት ድምዳሜ ቆጠብ ያለ ነው፦ ምንም ስፖርት ካለመሥራት ጋር ሲነጻጸር ዮጋ መጠነኛ ጥቅም አለው፤ ከሌሎች የወገብ ስፖርቶች ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው ወይም የለም፤ በልምምዱ ምክንያት ሕመማቸው የባሰባቸውም ነበሩ። ይህን ሳነብ የገባኝ፣ ወገብን የሚያድነው መንቀሳቀሱ ራሱ እንጂ በእንቅስቃሴው ውስጥ የተደበቀ ምሥጢር እንዳልሆነ ነው። ሰው የሚወደውንና የማይተወውን እንቅስቃሴ ቢመርጥ ያዋጣዋል፤ ዮጋን የወደደ ዮጋን ይሥራ።

ዕድሜ ሲገፋ ግን ዮጋ ከብዙ ስፖርቶች የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ለእኔ የጉዳዩ ማእከል ይህ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ የሰው ጡንቻ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ጡንቻ ሲቀንስ ሚዛን ይከተላል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ፤ ሳይታሰብ ከሚደርሱ የአካል ጉዳቶች መካከል ከመኪና አደጋ ቀጥሎ ገዳዩ መውደቅ ነው። በብራዚል 1,702 ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለና በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከ51 እስከ 75 ዓመት ከሆናቸው ተሳታፊዎች አንድ አምስተኛ ያህሉ በአንድ እግር አሥር ሰከንድ መቆም እንዳልቻሉ፣ እነዚህ ሰዎችም በክትትሉ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደነበር አሳይቷል። ጥናቱ በአንድ እግር መቆም ዕድሜ ያስረዝማል አላለም፤ ሚዛን ማጣት የሰውነት መድከም ምልክት ነው ነው የሚለው። ምልክት ቢሆንም በቤት ውስጥ፣ ግድግዳ አጠገብ፣ በአሥር ሰከንድ የሚታይ ምልክት ነው።

ዮጋ የሚያሠለጥነው በትክክል ይህን ነው፦ በአንድ እግር መቆም፣ ክብደትን ከእግር ወደ እግር ማዛወር፣ መሬት ላይ መቀመጥና ሳይደገፉ መነሳት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛንና ጥንካሬ የሚያሠለጥን እንቅስቃሴ ያዛል፤ ወንበር ተደግፎ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ዮጋ ለዚህ የተመቸ ነው። በእኛ ቤት ግን አንድ እንቅፋት አለ፣ መነሻውም በጎነት ነው። አያት ወይም እናት ሲያረጁ "እርስዎ አይነሱ፣ እኛ እናቀርባለን" ይባላሉ፤ ውሃው ይመጣላቸዋል፣ መታጠቢያው ይመጣላቸዋል፣ ጫማቸው ይደረግላቸዋል። አክብሮታችን ከወንበራቸው የሚነሱባቸውን ጥቂት ጊዜያት አንድ በአንድ ይወስድባቸዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢፈልጉም መነሳት አይችሉም። ለአረጋዊ ወላጅ ጠዋትና ማታ ከወንበር አሥር ጊዜ ተነስቶ የመቀመጥን ሥራ አብሮ መሥራት፣ ውሃውን ከማቅረብ የማይተናነስ ወላጅን መጦር ነው።

ስለ ትንፋሹ ባጭሩ። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል ዝግ ብሎ መተንፈስ የልብ ምትን በሚያረጋጋው የነርቭ ክፍል ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ በደንብ የታወቀ ነው፤ የደም ግፊትንም በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል። በመጠኑ። ክኒን የሚያስተው ለውጥ አይደለም፤ የግፊትም ሆነ የስኳር ታማሚ ያለ ሐኪም ፈቃድ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ወገብን ማዞር ጉበትን ጨምቆ መርዝ ያስወጣል፣ በትከሻ መቆም የእንቅርት ዕጢን ያስተካክላል የሚሉት አባባሎች መሠረት የላቸውም፤ ጉበትና ኩላሊት ሥራቸውን ለመሥራት ጠምዛዥ አይፈልጉም።

ጉዳቱን በተመለከተ፣ ዮጋ በጥቅሉ ሲታይ ከሌሎች ስፖርቶች የከፋ አይደለም፤ ማን ምን መሥራት እንደሌለበት ግን መታወቅ አለበት። በራስ ላይ መቆም በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት በእጥፍ ያህል ከፍ ስለሚያደርግ ግላኮማ የሚባለው፣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም ያለበት ሰው ሊሞክረው አይገባም፤ ጭንቅላትን ቁልቁል አድርጎ መቆየትም ቢሆን የዓይን ሐኪም ሳያማክሩ አይሠራም። ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ያለበትም እንዲሁ። አጥንታቸው የሳሳ ሰዎች፣ በተለይ ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ ያሉ ሴቶች፣ ጀርባን አጥብቆ ወደ ፊት የሚያጎብጥ አቋም የአከርካሪ አጥንት ስብራት ሊያመጣባቸው ይችላል፤ ወገብን ቀጥ አድርገው ከዳሌ ላይ መታጠፍ ይችላሉ። ለዓመታት ጎንበስ ብለው ቋንጃቸውን የሚስቡ ሰዎች ደግሞ መቀመጫቸው ሥር፣ ጡንቻው ከአጥንቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ የማይለቅ ሕመም ይይዛቸዋል፤ ይህ ሕመም ሲመጣ ብዙዎች "አልተሳበም" ብለው የበለጠ ይስቡታል፣ ያባብሱታልም። የሚያሻለው መሳሳቡን አቁሞ ቀስ በቀስ ማጠንከር ነው። ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሸትም ለዚህ ዓይነቱ ሕመም መፍትሔ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ብዙ ሰው ከምንጣፉ የሚያግደው የሃይማኖቱ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የድንቁርና አይደለም። ፓታንጃሊም ሆነ ሐታ ዮጋ ፕራዲፒካ መንፈሳዊ ግብ ያላቸው ጽሑፎች ናቸው፤ በሕንድ ዮጋ ከእምነት ተነጥሎ አያውቅም ለማለት የሚያስችል ብዙ ምክንያት አለ፤ እምነቱ ተገፎ ለገበያ ቀረበ ብለው የሚያዝኑ ሂንዱዎችም አሉ። በእኛም ዘንድ በኦርቶዶክስም ሆነ በፕሮቴስታንት በኩል ምእመናንን የሚያስጠነቅቁ መምህራን አሉ። ጉዳዩ በሌሎች አገሮች የታየበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል። የማሌዢያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት በ2008 እንቅስቃሴን፣ አምልኮንና ዜማዊ ድግምትን ያጣመረ ዮጋ ለሙስሊሞች እንደማይፈቀድ ሲወስን፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ድግምት የሌለበትን የሰውነት እንቅስቃሴ መቀጠል እንደሚቻል አስረድተዋል። ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩባት ሳዑዲ ዓረቢያ በ2017 ዮጋን እንደ ስፖርት ማስተማር ፈቅዳለች። የአሜሪካዋ አላባማ ግዛት በ1993 ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያገደችውን ዮጋ በ2021 ስትፈቅድ፣ አቋሞቹ በእንግሊዝኛ ስም ብቻ እንዲጠሩ፣ ድግምትና የሂንዱ ሰላምታ እንዳይኖር፣ ወላጅም እንዲፈቅድ ደንግጋለች። የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2015 በአንድ ከተማ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የዮጋ ክፍለ ጊዜ ሃይማኖት ማስፋፋት አይደለም ብሏል።

ከሦስት የተለያዩ ባህሎች የወጡት እነዚህ ውሳኔዎች መስመሩን ያሰመሩት እንቅስቃሴውና አምልኮው በሚለያዩበት ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነው። መስመሩ አሳማኝ ይመስለኛል፤ ጉልበት አጥፎ መቆም ለማንም አምላክ የተሰጠ አይደለምና። ሆኖም ሕሊናው ያልተቀበለው ሰው ምንም አይቀርበትም። የዮጋን ጥቅም የሚሰጡት ጡንቻን መጫን፣ መገጣጠሚያን በሙሉ ስፋቱ ማንቀሳቀስ፣ ሚዛንን መፈተንና በዝግታ መተንፈስ ናቸው፤ እነዚህን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሚሰጠው የቤት ስፖርት ውስጥ ያለ ዮጋ ስም ማግኘት ይቻላል።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው፦ የማያንሸራትት ምንጣፍ፣ ግድግዳ፣ የማይነቃነቅ ወንበር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት። መምህር ሲመርጥ፣ በዘርፉ የተለመደው የምስክር ወረቀት የ200 ሰዓት ሥልጠና እንደሆነና ይህም በአንድ ወር ገደማ ሊጠናቀቅ እንደሚችል ይወቅ፤ በ200 ሰዓት ጥሩ አሠልጣኝ መሆን ይቻል ይሆናል፣ የወገብ ዲስክ መንሸራተትን መርምሮ ማከም ግን አይቻልም። ጥሩ መምህር በመጀመሪያው ቀን ስለ ግፊት፣ ስለ ዓይን፣ ስለ እርግዝናና ስለ ቆየ ጉዳት ይጠይቃል፤ ሳይፈቀድለት በእጁ አይገፋም፤ ለሚያቅተው ሰው ቀለል ያለውን አማራጭ ሳያሳፍር ያሳያል።

ጾምም መታሰብ አለበት። የምንጾማቸው ወራት ብዙ ናቸው፤ ጡንቻ ደግሞ ያለ ፕሮቲን አይገነባም። በጾም ወቅት ልምምዱን ከመግደፊያው ሰዓት ትንሽ ቀደም አድርጎ መሥራት፣ ከዚያም ሽሮን፣ ምስርን፣ ባቄላን ወይም ሽምብራን በርከት አድርጎ መብላት ይቻላል፤ በረመዳን ወር ከኢፍጣር በፊት ባለው ሰዓት ቀለል ያለውን፣ ከኢፍጣር አንድና ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ጠንከር ያለውን መሥራት ይመቻል። በዚህ አኳኋን ለሦስት ወር የቀጠለ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው ለውጥ የእግር ጣት መንካት ላይሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ደረጃ ሲወጣ ጭኑ ቶሎ አለመዛሉ፣ ከዝቅተኛ ወንበርም እጁን ሳይደገፍ መነሳቱ ቀድሞ ይመጣል።